የመንገድ ላይ ጨዋታ፤ ከእንቆቅልሽ እስከ እጅ ስልክ

(ከ11ኛ ክፍል ተማሪ)

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን መንገድ በእኛ ቤት ሦስት ትውልድ ተመላልሶበታል። አያቴ በልጅነታቸው በአውቶቡስ፣ አባቴ በልጅነቱ በአባቱ ፔጆ፣ እኔም በልጅነቴ በአባቴ ቶዮታ ሄደንበታል። ሜዳውም ዳገቱም ያው ነው። ነገር ግን በመኪናው ውስጥ የተቀመጠው ቤተ ሰብ ያን ሁሉ ሰዓት በምን ያሳልፈው ነበር ተብለን ሦስታችን ብንጠየቅ፣ የምንሰጠው መልስ ፈጽሞ አይገናኝም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አባቴና አያቴ አንድ ምሽት የገጠሙት ክርክር ነው። አባቴ «በኛ ጊዜ በመኪና ውስጥ ይዘፈን ነበር፤ የዛሬ ልጆች ግን ጆሯቸውን ደፍነው ነው የሚሄዱት» ቢል፣ አያቴ «የሚዘፍነው ቴፑ ነበር እንጂ እናንተማ አፋችሁን ዘግታችሁ ነበር» ብለው መለሱለት። እኔም የሁለቱን ነገር ለማጣራት ብዬ ጠየቅሁ፣ አነበብሁ። አንባቢ ሆይ፣ ስለ ውጭ አገር ስጽፍ ዓመቱ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው፤ የኛውን ስጽፍ ግን ዓ.ም. እያልሁ በራሳችን አቆጣጠር አደርገዋለሁ።

አያቴ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ የመጡት በ1950 ዓ.ም. የዐሥር ዓመት ልጅ ሳሉ ከእናታቸውና ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ነው። አውቶቡሱ ከደሴ የተነሣው ገና ሳይነጋ ነበር። ሻንጣውም፣ የቅቤ ቅሉም፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎችም በፖርቶ መጋላው ላይ ተጭነዋል። በአውቶቡሱ ውስጥ ራዲዮ የሚባል ነገር አልነበረም። የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ፣ የረዳቱ ጩኸትና የተሳፋሪው ወሬ ነው። ልጆቹ ታዲያ ቀኑን ሙሉ የተጫወቱት እንቆቅልሽ ነበር።

የከተማ ልጆች የሆንን ብዙዎቻችን ይህን ጨዋታ በስሙ እንጂ በሥርዓቱ ስለማናውቀው አያቴ እንዳስረዱኝ ልግለጸው። አንዱ «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ሌላው «ምን አውቅልሽ» ብሎ ይቀበላል። ጠያቂው እንቆቅልሹን ያቀርባል። ተጠያቂው መልሱን ካጣ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል። ተሸናፊው የአንድ አገር ስም ጠርቶ መስጠት አለበት። ጠያቂውም አገሩ ደስ ካላላሰኘው «እሱን አልፈልግም፣ ሌላ ስጠኝ» ሊል ይችላል። አገሩን በወደደው ጊዜ ተቀብሎ፣ በዚያ አገር እንዴት ተደግሶ እንደ ጠበቀውና ተሸናፊው እዚያው ምን ዓይነት ውርደት እንደ ደረሰበት እያስፋፋ ይቀልድበታል፤ መልሱን የሚናገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እቤት ሲጫወቱት የሚሰጠው አገር በስም ብቻ የሚያውቁት ነው። በመንገድ ላይ ግን አያቴና ወንድማቸው በመስኮት የሚያዩትን አገር ሁሉ ይሰጣጡ ነበር። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ ደብረ ብርሃን። አያቴ ዛሬም የዚህን መንገድ ከተሞች ቅደም ተከተል በቃላቸው የሚያውቁት ከጂኦግራፊ መጽሐፍ ተምረውት አይደለም። «ሸዋ ሮቢትን ያጣሁት በአንድ ቀላል እንቆቅልሽ ነው» እያሉ እስከ ዛሬ ይቆጫሉ።

እነሱ በዚህ ዓይነት ሲጓዙ፣ በአሜሪካ አገር የመኪና ራዲዮ ብርቅ መሆኑ ካበቃ ቆይቶ ነበር። ራዲዮን በመኪና ውስጥ ማግባት ግን መጀመሪያ ላይ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የሞተሩ ካንዴላ በተኮሰ ቁጥር ብልጭታው ራሱ እንደ ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ሞገድ ስለሚረጭ፣ ከዘፈኑ ይልቅ የሚሰማው የካንዴላው መንጣጣት መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የዚያን ዘመን ራዲዮ የሚሠራው አምፖል በመሰሉ የብርጭቆ ቱቦዎች ነበር። እነዚህ ቱቦዎች ከመቶ ቮልት በላይ ኃይል ሲፈልጉ፣ የመኪናው ባትሪ የሚሰጠው 6 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ሌሎች ባትሪዎች በመኪናው ወለል ሥር ይታጨቁ ነበር።

በ1930 ፖል ጋልቪን የተባለ የቺካጎ ነጋዴ ወንድሙና ባልደረቦቹ የሠሩለትን ራዲዮ በገዛ መኪናው ላይ አስገጥሞ፣ የራዲዮ ሠሪዎች ማኅበር ወደሚሰበሰብበት ወደ አትላንቲክ ሲቲ ነዳው። በአዳራሹ ውስጥ ዕቃ ማሳያ ቦታ ስላልነበረው መኪናውን ከውጭ አቁሞ ለአላፊ አግዳሚው ያሰማ ጀመር። የራዲዮውንም ስም ከሞተር ጋር አዛምዶ ሞቶሮላ አለው፤ በኋላ በእጅ ስልክ የታወቀው ኩባንያ መጠሪያውን ያገኘው ከዚህ የመኪና ራዲዮ ነው።

በ1947 በቤል የምርምር ቤት ትራንዚስተር ከተፈለሰፈ በኋላ የብርጭቆ ቱቦው ዘመን እያበቃ ሄደ። ትራንዚስተር ትንሽ ነው፣ አይሰበርም፣ በጥቂት ቮልት ይሠራል። በ1955 ክራይስለር በትራንዚስተር ብቻ የሚሠራ የመኪና ራዲዮ አቀረበ። ያው ኩባንያ ለ1956 መኪናዎቹ ያወጣው ሌላው ነገር ግን ያስቃል፤ ከዳሽቦርዱ ሥር የሚገባ የሸክላ ማጫወቻ ነው! ሸክላው በደቂቃ 16 ጊዜ ከሁለት ሦስተኛ ብቻ እየዞረ በአንድ ገጽ እስከ 45 ደቂቃ ይጫወት ነበር። መርፌው እንዳይዘል ብዙ ብልሃት ተደርጎበታል። ይሁን እንጂ ለዚያ ማጫወቻ ተብሎ የተቀረጸ ልዩ ሸክላ ካልሆነ በቀር ሌላ አይቀበልም፤ ብልሽቱም በዛ፣ ገዢም ታጣ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀረ። ያን ማጫወቻ በጣርማ በር ጥምዝ ላይ ቢሞክሩት ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ሳስበው ደስ ይለኛል።

በእኛ መንገድ ላይ ለራዲዮም ቢሆን ተራራው አይመቸውም። ምክንያቱ የሞገዶቹ ጠባይ ነው። ኤፍ ኤም የሚባለው ሞገድ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ አካሄዱ ግን እንደ ብርሃን ቀጥታ ስለሆነ ተራራ ሲገጥመው ይቆማል። ከአዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ጥቂት እንደ ተጓዘ የሚያዳምጠው ጣቢያ መንሿሿት የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው። መካከለኛው ሞገድ ምድርን ታክኮ ስለሚሄድ ሩቅ ይደርሳል፤ በሌሊትም ከሰማይ ከፍታ ካለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ድርብ ላይ እየነጠረ ይመለሳልና ከቀኑ ይልቅ የሩቁ ጣቢያ ይሰማል። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን በቈፈሩት በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ግን አንዱም አይገባም።

መንገደኛውን ከተራራ ያላቀቀው ካሴት ነው። ካሴትን በሉ ኦተንስ መሪነት የሠራው የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ ሲሆን፣ በ1963 በበርሊን የራዲዮ ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ አሳየው። በውስጡ ያለው ቀጭን ጥብጣብ በብረት ዝገት ዱቄት የተቀባ ነው፤ ድምፁ ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ በዚያ ዱቄት ላይ እንደ ማግኔት ይታተማል። ጥብጣቡ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። የአንድ ሰዓት ካሴት ወደ 90 ሜትር የሚጠጋ ጥብጣብ በኪስ በሚገባ ሣጥን ውስጥ ጠምጥሞ ይይዛል ማለት ነው።

አያቴ ከባለቤታቸው ጋር የነበራቸው ፔጆ 404 ቴፕ የተገጠመለት አባቴ ትንሽ ልጅ ሳለ ነው። ካሴቶቹ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጡ ነበር። ቴፑ አንዳንድ ጊዜ ጥብጣቡን «ይበላዋል»፤ ያን ጊዜ መኪናው ቆሞ፣ ጥብጣቡ በጥንቃቄ ተስቦ ወጥቶ፣ ማዕዘን ያለው እስክሪብቶ በካሴቱ ቀዳዳ ገብቶ መልሶ ይጠመጠማል። ይህ የአባቴ ሥራ ነበር። የክርክሩም ምንጭ ቴፑ ነው፤ ማጫወቻው አንድ ስለሆነ የአንዱን ምርጫ ሁሉም ይሰማል። አያቴ ወንድ የጥላሁን ገሠሠን ካሴት ሲያስገቡ ልጆቹ ያጉረመርማሉ፤ የልጆቹ ተራ ሲደርስ ደግሞ እሳቸው መስኮቱን ከፍተው ነፋሱን ያስገባሉ። አባቴ ግን ዛሬ የጥላሁንን ዘፈኖች አንድም ቃል ሳያስቀር ያውቃቸዋል። በግድ የተማረው ነው።

ካሴት ከራዲዮና ከሸክላ የሚለይበት ሌላም ነገር ነበረው፤ ማንም ሰው የራሱን ድምፅ ሊቀርጽበት ይችላል። በአውቶቡሱ ላይ እንቆቅልሽ ይጫወቱ የነበሩት የአያቴ ወንድም በሱዳን በኩል ወጥተው አሜሪካ ገብተው ነበር። በ1976 ዓ.ም. በደብዳቤ ፈንታ ድምፃቸውን የቀረጹበት አንድ ካሴት በሰው እጅ ላኩ። በዚያን ጊዜ ቤት ውስጥ ቴፕ ስላልነበረ ካሴቱ ሊሰማ የሚችለው በመኪናው ብቻ ነው። ደሴ ያሉት እናታቸውም ይስሙት ተብሎ ቤተ ሰቡ በሙሉ ተሳፍሮ ሄደ።

በመንገድ ላይ መጀመሪያ የሰሙት ከደብረ ብርሃን በፊት ነው። ከሰላምታው በኋላ ቴፑ «እትዬ፣ እንቆቅልሽ» አለ፤ ለመልሱም ጥቂት ጸጥ ብሎ ጠበቀ። አያቴ «ምን አውቅልህ» አሉ። እንቆቅልሹ ተነገረ፤ እንደገና ጸጥታ ሆነ። አያቴ መልሱን አላወቁትም። ያን ጊዜ ከካሴቱ ውስጥ «አላወቅሽም፤ እንግዲያውስ አገር ስጪኝ» የሚል ድምፅ ወጣ። አያቴም «ደሴን ሰጥቼሃለሁ» አሉት። አባቴ ያን ጊዜ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ትልልቆቹ ሁሉ ለምን እንደሚያለቅሱ አልገባኝም ነበር ይላል።

ደሴ በደረሱ ጊዜ ሽማግሌዋ እናት በቆመው ፔጆ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ከቴፑ ውስጥ «እማዬ፣ እንደምን አለሽ?» ሲል ሰላምታውን መመለስ ጀመሩ፤ ካሴቱ ግን አይጠብቅምና ወሬውን ቀጠለ። ስለዚህ አያቴ ወንድ ጣታቸውን በማቆሚያው ላይ አድርገው፣ በየጥያቄው ቴፑን ያቆሙላቸው ነበር። እሳቸው መልሳቸውን እስኪጨርሱ ይጠበቃል፤ ከዚያ ይለቀቃል። የግማሽ ሰዓቱ ካሴት በዚህ ዓይነት ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። ባትሪው እንዳያልቅ በመካከሉ ሞተሩ ይነሣ ነበር። ካሴቱ አሁንም አለ። ነገር ግን ዱቄቱ ከጥብጣቡ እየለቀቀ ድምፁ እየደከመ ስለ ሄደ፣ ፔጆውም ተሸጦ ማጫወቻ ስለ ጠፋ፣ አባቴ ካሴት የሚገለብጥ ሱቅ ከከተማ አፈላልጎ ወደ ፍላሽ አስገልብጦታል። የተገለበጠው ሲሰማ የተሳሳተውን ጸጥታ ሁሉ ይዟል፤ መልስ የሚጠብቀውንም ጸጥታ ጨምሮ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ ፈጣን ነው። በ1979 የጃፓኑ ሶኒ ዎክማን የተባለውን በወገብ የሚታጠቅ ካሴት ማጫወቻ አወጣ። የመጀመሪያው ዎክማን የማዳመጫ መሰኪያው ሁለት እንደ ነበረ ሳነብ ተገረምሁ። የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታ አንድ ሰው ብቻውን ሲያዳምጥ በአጠገቡ ላለው ሰው ንቀት ይመስላል ብሎ ስለ ሠጋ፣ ሁለት ሰዎች አብረው እንዲያዳምጡ አደረገ። ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ እርስ በርስ ለመነጋገር የሚያስችል ቁልፍም ነበረው። ገዢዎቹ ግን ለየብቻቸው ማዳመጡን ወደዱት፤ ያ የመነጋገሪያ ቁልፍ ከኋለኞቹ ላይ ቀረ። በእኔ አስተያየት በመኪና ውስጥ የነበረው አንድ ድምፅ የተከፋፈለው ያን ጊዜ ነው። ስልኩን የሚወቅሱ ወላጆች ታሪኩን ወደ ኋላ ሊገፉት ይገባል።

በ1989 ኒንቴንዶ በአራት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን ጌም ቦይ አወጣ። በ1998 ተንቀሳቃሽ የዲቪዲ ማጫወቻ ተሸጠ፤ በ2001 አይፖድ፣ በ2007 አይፎን፣ በ2010 አይፓድ ተከታተሉ። ሸክላው፣ ራዲዮው፣ ካሴቱ፣ ሲኒማውና ጨዋታው ሁሉ በአንድ ጠፍጣፋ መስተዋት ውስጥ ገቡ።

መስተዋቱ ያመጣውን አንድ ችግር ግን ከዚህ ሳልጽፍ አላልፍም፤ እኔ ራሴ ብዙ ጊዜ ደርሶብኛልና። እርሱም ማስመለስ ነው። በውስጠኛው ጆሮአችን ውስጥ የሰውነታችንን እንቅስቃሴ የሚለኩ ፈሳሽ የሞላባቸው ቦዮች አሉ። መኪናው በጥምዝ ሲዞር እነዚህ ቦዮች «እየዞርን ነው» ብለው ለአንጎል ይናገራሉ። ዓይን ግን በስልኩ ላይ ተተክሎ «ምንም የሚንቀሳቀስ የለም» ይላል። አንጎል በሁለቱ የተለያየ ምስክርነት ሲታወክ ሆድ ይታወካል። ሩቁን ተራራ በመስኮት የሚያይ ሰው ግን ዓይኑና ጆሮው ስለሚስማሙ ይሻለዋል። ሎሚ ማሽተት የእናቶች መድኃኒት ነው፤ ስልኩን ማስቀመጥ ግን ከሎሚው ይበልጣል።

አሁን ወደ መጨረሻው ጉዞ ልምጣ። በጥር 2012 ዓ.ም. ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ወደ ደሴ ስንሄድ በመኪናው ውስጥ አምስት ነበርን። አባቴ ይነዳል። እናቴ በስልኳ ከሠርጉ ቤት ሰዎች ጋር ትጻጻፋለች። እኅቴ ማዳመጫዋን ሰክታ ፊልም ታያለች፤ እኔም ማዳመጫዬን ሰክቼ ጨዋታ እጫወታለሁ። አያቴ በመካከላችን ተቀምጠዋል። ሰንዳፋን እንዳለፍን «እንቆቅልሽ» አሉ። ይህን የነገረኝ አባቴ ነው፤ እኔ አልሰማሁም። ጥቂት ቆይተው ደገሙት። አባቴ በመስተዋቱ ወደ ኋላ ቢያይ እኔና እኅቴ አንገታችንን ደፍተን ነበር። «እኔ ልቀበልዎ?» ቢላቸው «አንተ መንገዱን ተመልከት» አሉት። ከዚያም መስኮቱን ያዩ ጀመር።

ደብረ ብርሃንን አልፈን ከጧቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን የእኔ ስልክ ጠራ። የአያቴ ወንድም ናቸው፤ በቪዲዮ ነው የሚደውሉት። በዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ነበር፤ ከሥራ መግባታቸው ነው። ሠርግ እንደምንሄድ ስለሚያውቁ የመንገዱን አገር አሳዩኝ አሉ። ስልኩን በመስኮት አዞርሁላቸው። በኋላ ለአያቴ ሰጠኋቸው፤ ድምፁ ግን አይሰማም፤ ለካስ ማዳመጫዬ እንደ ተሰካ ነው። ብነቅለው ድምፃቸው መኪናውን ሞላው። እኅቴም ፊልሟን አቁማ ቀና አለች።

አያቴ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «እንቆቅልህ!» አሉ።

«ምን አውቅልሽ!»

«አምስት ሆነው በአንድ ቤት ይሄዳሉ፤ አንዱም ካንዱ ጋር አይደለም።»

ወንድማቸው አሰቡ። እስረኞች ናቸው አሉ፤ አይደለም። ጣቶች ናቸው አሉ፤ «ጣት እኮ ይረዳዳል» ተባሉ። እናቴ ወደ ኋላ ዞራ አየችን፤ መልሱ የገባት ይመስላል፤ እኔም ገብቶኝ ነበር፤ ማዳመጫዬን በኪሴ ከተትሁት። ተራራው ላይ ጭጋግ ወርዶ አባቴ መብራት አብርቷል።

«አገር ስጠኝ» አሉ አያቴ።

«ዋሽንግተንን ሰጥቼሻለሁ፣ እትዬ።»

«እሱን ምን አደርገዋለሁ? ሌላ ስጠኝ!»

ወንድማቸው እየሳቁ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ገባን፤ ምስሉም በዚያው ቆመ። አያቴ ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደ ያዙ ዋሻው እስኪያልቅ ጠበቁ። በወዲያኛው በኩል ብርሃን ወጣ፤ ቁልቁለቱም ተጀመረ፤ መሥመሩ ግን ደብረ ሲና እስክንደርስ አልተመለሰም። ደብረ ሲና ቆሎ ስንገዛ ስልኩ እንደገና ጠራ።